ድንክ ኖቫ ከጎሮ ሲታይ

የመንገድና የሕንፃ መብራት ከጎሮ ሰማይ ደብዛዛ ከዋክብትን ነጥቋል፤ ድንክ ኖቫ ግን በሚደምቅበት ጊዜ በትንሽ ቴሌስኮፕ ይታያል። ነጭ ድንክ ኮከብ ከአጣማሪው የሚስበው ጋዝ በዙሪያው ተጠራቅሞ በድንገት ሲግል፣ ብርሃኑ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ1896 የተገኘው ኤስኤስ ሲግኒ በየ50 ቀኑ ገደማ 40 እጥፍ ያህል ይደምቃል። ይሁንና ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ የክረምቱ ደመና በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉትን የእንጦጦ ባለ 1 ሜትር መንትያ ቴሌስኮፖችም ይጋርዳል።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ የሚበጀው በጥር ጥርት ያለ ሌሊት ከፍ ብሎ የሚወጣው ዩ ጀሚኖረም ነው። በአማካይ በ100 ቀን ገደማ አንዴ ብቻ ስለሚደምቅ አብዛኛው ምዝገባ «አልታየም» ይሆናል። የድምቀቱ መጀመሪያ የሚወሰነው በዚሁ ስለሆነ ግን ቀኑ፣ ሰዓቱና በዚያ ሌሊት የታየው እጅግ ደብዛዛው ኮከብ ሊጻፍ ይገባል።