የቆረጥኩት አንቀጽ

አንባቢዬ፣ ከጽሑፌ ላይ ቆርጬ የጣልኩት አንድ አንቀጽ አለ። የምናዘዘው በእሱ ነው።

የጡት ካንሰር ወር ሲደርስ ለመጽሔታችን የጤና ዓምድ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ተነሥቶ፣ ኬሞውን ጨርሰው፣ ዓመታት በደኅና ካለፉ በኋላ ሕመሙ ተመልሶ የወገባቸው አጥንት ውስጥ ገብቷል። አጥንት ይግባ እንጂ ያው የጡት ካንሰር ነው፤ ሳንባም ጉበትም ቢደርስ የሚታከመው እንደ ጡት ካንሰር ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ያራዝማል፣ ሕመም ያስታግሳል፣ ነቅሎ ግን አያወጣውም። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ከወንበር ሲነሡ መጀመሪያ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ ጥቂት ይቆማሉ፤ ከዚያ ነው የሚራመዱት። ላግዝዎት ብል፣ “ተዪኝ፣ ይቺን እንኳ እኔው ልቻላት” አሉኝ።

ከዚያ ያንን አንቀጽ ተናገሩ። “እኔ አልድንም፣ ልጄ። ግን አለሁ። ሰው የሚያውቀው የዳነውንና የሞተውን ነው። እንደኔ መድኃኒቱን እየዋጠ የሚኖረውን ማንም አይቆጥረውም። ይኼን ጻፊልኝ።”

አልጻፍኩላቸውም። ጽሑፉ “ካንሰርን ያሸነፉት እናት” ተብሎ ወጣ። የመጀመሪያውን ሕክምናቸውን፣ ጸሎታቸውን፣ ብርታታቸውን ዘርዝሬ ተረክሁ፤ የተመለሰውን ሕመም ግን “ዛሬም ክትትላቸውን አላቋረጡም” በሚል ሐረግ ሸፈንኩት። ሐረጉ ሐሰት አይደለም። ሐሰት እንዳይባል አድርጌ ያበጀሁት ራሴ ስለሆንኩ ግን፣ ከሐሰት የሚለይበትን ነገር ማሳየት አልችልም።

አላወቅኩም ነበር ብዬም አላመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውን ትልቅ ጥናት አንብቤዋለሁ። በሆርሞን የሚያድግ የጡት ካንሰር ይዟቸው፣ የአምስት ዓመት መድኃኒታቸውን ጨርሰው፣ ከበሽታው ነጻ የነበሩ 62,923 ሴቶችን መረጃ መርምሮ፣ ካንሰሩ እስከ ሃያኛው ዓመት ድረስ በየጊዜው ሲመለስ እንደነበር አሳይቷል። ስቲቨን ፓጄት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 የጻፈውንም አውቃለሁ። በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ በሽታው እንዳገኘ እንደማይሠራጭ፣ ዘር የሚስማማውን አፈር ሲያገኝ እንደሚበቅል ሁሉ የሚስማማው አካል ላይ እንደሚያርፍ ያስረዳ ሰው ነው። ፓጄት ያን ማየት የቻለው የእነዚያ ሴቶች ነገር ተጽፎ ስለቆየለት ነው። ዛሬም በዓለም ላይ ብዙ የካንሰር መዝገቦች በሽታው መጀመሪያ የተገኘበትንና ሰው የሞተበትን ይጽፋሉ እንጂ የተመለሰበትን ቀን አይጽፉም። ስለዚህ “ማንም አይቆጥረውም” ያሉት ምሬት ብቻ አልነበረም፤ እውነት ነበር። እሳቸው ኖረው የደረሱበትን እኔ አንብቤው ሳለ ቆረጥኩት።

ለምን? ያኔ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ለአንባቢ ማዘን የሚል ነበር። በአገራችን ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከዘገዩ በኋላ ነው፤ አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። “ታክሞም ይመለሳል” ብዬ ብጽፍ ማን ሊመረመር ይሄዳል አልኩ። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ይህን ያሰብኩት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ስቆርጥ በልቤ የነበረው ሌላ ነው። ርእሱን እሳቸው ቤት ከመሄዴ በፊት አውጥቼው ነበር፤ አንቀጹ ርእሱን አፈረሰብኝ። ከዚህም በታች፣ ለመናገር የሚከብደኝ፣ ፈርቻቸው ነበር። ታክሞ፣ ጸልዮ፣ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ ያልዳነ ሰው ፊት መቀመጥ አስፈራኝ። አንባቢን ከፍርሃት ልጠብቅ ብዬ የጠበቅኩት ራሴን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ፣ አብዛኛውን።

መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ደወሉልኝ። ልጃቸው ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለአጥንታቸው የሚወጉትን መርፌ የምትገዛላቸው እሷ ናት። አንድ ሰው ገጹን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ልኮላታል። “እማዬ፣ ድነሽ ኖሯል! ምነው ደበቅሽኝ?” ብላ በስልክ እልል አለች።

“ሲመለስብኝ ጊዜ አንዴ አርድቻት ነበር” አሉኝ። “አሁን ደግሞ ሁለተኛ አረዳኋት።”

አልተቆጡም። የተናገሩት ነገሩን እንዳውቀው ያህል ነው። ያኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ “ርእሱን እኮ አርታኢው ነው ያጸደቀው” የሚል ነበር። ይህን ለማለት አፌን ከፍቼ ነው ራሴን የሰማሁት። አንዲት እናት ለልጇ ሁለተኛ መርዶ ነግራ፣ እኔ የማስበው ስለ ስሜ ነበር። በደሌ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰማኝ ኀፍረት ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው እትም አንቀጹን እንዳለ አተምነው። አስቀድሜ በስልክ አነበብኩላቸው። አንድ ነገር አስጨመሩኝ፦ ስለዚህ በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቅማቸው ከሆነ የሕክምና መዝገባቸውንም ደማቸውንም እንደሚሰጡ። እሱም ተጽፏል። የመጀመሪያውን ያነበበ ሁሉ ግን ይህን አላነበበም። አሁንም በየቴሌግራሙ የሚዞረው የመጀመሪያው ነው፤ ከነርእሱ፣ ከነስሜ።