ከአሞሌ እስከ ከረጢት፦ ጨው በደብረ ታቦር



ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ ከነሩዝ ማሳው ወደ ኋላ ትቶ ሽቅብ ይወጣል። አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ገብሱና ድንቹ እየበዛ ይሄድና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ብቅ ይላል። መንገደኛ ሁሉ ደብረ ታቦር ሲደርስ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራባትን ጋፋትን ይጠይቃል። እኛ ግን በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ ገበያው የጨው ተራ ነው።

በተራው ሦስት ዓይነት ጨው አየን። አንደኛው ግራጫ ቀለም ያለው፣ እንደ ጡብ የተጠረበው አሞሌ ነው። ሁለተኛው በጆንያ መጥቶ በጣሳ የሚሰፈረው ሻካራ ጨው ነው። ሦስተኛው በላስቲክ ከረጢት የታሸገው ደቃቅ ጨው ነው። አንዲት እናት አሞሌ ሲገዙ አገኘናቸውና «እማማ፣ ያኛውን ለምን ተዉት?» አልናቸው። «ልጄ፣ ወጥ የሚያጣፍጠው ይሄ ነው፤ ያኛው ውሃ ውሃ ይላል» አሉን።

ስለ ጣዕሙ ከባለሙያ እናት ጋር አንከራከርም። አሞሌው ከዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ የሚወጣ ነው። የጆንያው ጨው በአብዛኛው ከአፍዴራ ሐይቅ ውሃ በፀሐይ ተኖ የሚቀር ነው። የከረጢቱም ቢሆን ከዚያው ከአፋር ምድር የሚመጣ ነው። ሦስቱን የሚለያቸው ዋናው ነገር በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይቀመስም፤ እርሱም አዮዲን ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አሞሌን እንዲሁ ልናልፈው አልወደድንም። አሞሌ በዚህ አገር ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የተሰበረ አሞሌ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ሰቆጣ ትልቅ የጨው ገበያ ነበረች። ከዚያም ወደ በጌምድር ይዘልቃል። ዛሬ አዲስ ዘመን ከተማ ባለችበት አቅራቢያ የነበረው የይፋግ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ሲሆን፣ በአካባቢው ያለችው ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ፣ ከብር፣ ከስንዴ፣ ከገብስና ከተምር ጋር ጨውን ቆጥረው፣ በዓይነቱ ሲለወጥ እኩል በእኩል፣ እጅ በእጅ እንዲሆን ማዘዛቸውን በመድረሳ ስንማር «ጨው ከወርቅ ጋር ምን አገናኘው?» ብለን የጠየቅን ብዙዎች ነን። ለደሪጣ ነጋዴ ግን ይህ ጥያቄ አይሆንበትም፤ ጨዉ ገንዘቡ ነበርና።

አሁን ወደ አዮዲን እንመለስ። የደጋው አፈር ከዘመናት ጀምሮ ዝናብና ጎርፍ ሲያጥበው ስለኖረ አዮዲኑ ተሟጧል። በአፈሩ ከሌለ በእህሉም አይኖርም። ከዚህ የተነሣ የአንገት ዕጢ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ነው። የቀድሞ ሴቶች በአንገታቸው የሚነቀሱት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል ተብሎም ነበር። እንቅርቱ ግን የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይብሳል፤ ነፍሰ ጡር አዮዲን ካነሳት ጽንሱ ሊወርድ፣ የሚወለደውም ልጅ አእምሮው ሳይጠነክር ሊቀር ይችላል። መምህራን ነንና ይህ ያሳስበናል። በክፍል ውስጥ «ሰነፍ» እያልን ከምንገሥጻቸው ልጆች መካከል ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ የተጎዳ ሊኖር ይችላል።

ይህ የእኛ ደጋ ችግር ብቻ አይደለም። በእንቅርት የታወቀችው ተራራማዋ ስዊዘርላንድ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ማዳረስ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። በአገራችን በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ጨው ቀረና የአፍዴራው ተተካ፤ አዮዲን ግን አልነበረበትም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰው ምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ያወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በ15ቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም 89 ደረሰ። አልሐምዱሊላህ! ይሁን እንጂ «አለበት» ማለት «በቂ አለው» ማለት አይደለም።

በቤት ውስጥም ይባክናል። አዮዲን ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት አይወድም። ስለዚህ ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጥ ውስጥ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል መሆን አለበት። ከበርበሬ ጋር ተደልዞ ወራት የሚቆየው ጨው አይታመንም። ደግሞ አዮዲን አለው ተብሎ ጨው አይበዛም፤ ለአዋቂ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ይበቃል።

አሞሌውስ? በደጋው ቤት ሥራ አያጣም። ላሟና በሬው ሲልሱት ደስ ይላቸዋል፤ ገበሬውም ለዚሁ ብሎ ይገዛዋል። ለሕፃናቱ ድስት ግን የከረጢቱ ይሁን፤ ሲገዙም «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት አገላብጦ ማየት ነው። ማንበብ ለማይችሉት እናት ይህን የሚያይላቸው አብሯቸው ገበያ የሚወርደው ተማሪ ልጃቸው ነው።