ደርሶላችሁ ነበር?

የኮባ ቅጠል ሲቃጠል ከሸተተኝ፣ የትም አገር ብሆን፣ ነገ እሑድ ነው ማለት ነው። የሰንበቴ ተራ የደረሳት ዕለት አያቴ ቅዳሜ ማታ ሊጡን በኮባ ጠቅልላ ትደፋውና ከላይም ከታችም እሳት ታደርግበታለች። እኛ ልጆቹ ምድጃው ዙሪያ እንደተኮለኮልን እንቅልፍ ይጥለናል። ጠዋት ስንነሣ ድፎው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሶብ ውስጥ ነው። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ እጅ መስደድ ግን አይታሰብም። የሰንበቴ ዳቦ ነዋ!

ከቤታችን እስከ ሚካኤል አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ከአያቴ ጋር ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሰላምታዋ አያልቅም። ሳንቲሞቿን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛቸዋለች፤ ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታዋለች። ከበሩ ግራና ቀኝ ነዳያን ተደርድረዋል። ከሁሉም የማስታውሰው ከዋርካው ሥር የሚቀመጡትን ዐይነ ስውር አባት ነው። ገና ሳንደርስ ቀና ይሉና፣ «እትዬ፣ ዛሬ እግርዎን አሞዎታል እንዴ? ኮቴዎ ከብዷል» ይላሉ።

እኔ እደነግጣለሁ። ሳያዩ እንዴት አወቁ? አያቴ፣ «ሲሰሙኝ ኖረው ነዋ» ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ ሳንቲሙን በእጄ ታስይዘኛለች። ወርውሬ ለመሮጥ ስሞክር ጆሮዬን ቆንጠጥ ታደርገዋለች። «ቆመህ አትስጥ። ጎንበስ በል። እጃቸውን ንካ።» ጎንበስ እላለሁ። የሳቸው እጅ ሻካራና ሞቃት ነው፤ የጭስና የአሮጌ ጋቢ ሽታ አላቸው። «የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል በየሳምንቱ፣ እያወቁኝ። ስነግራቸው ምርቃቱ ይወርዳል፤ አያቴም «አሜን፣ አሜን» እያለች እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። ሰጥታ የምትሄድ ሳትሆን ልትቀበል የመጣች ነበር የምትመስለው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰንበቴ ቤት እንገባለን። ጠባብ ቤት፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ የጠላና የንፍሮ ሽታ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ የማኅበሩ ሙሴ እየዞረ ያድላል። ያኔ የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነበር። የዳቦው መሐል፣ ለስላሳው፣ በቅድሚያ ለነዳያን ይወጣል፤ እኛ የጋገርነው ሰዎች ጠርዙን እንቆረጥማለን። አንድ ቀን ለአያቴ አቤቱታ አቀረብኩ። «እነሱ ጥርስ የላቸውም፤ አንተ አለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ከዚያ 1977 መጣ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ረሃብ ማለት ለኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚሰማኝ ነገር ነበር። ወሎና ትግራይ ምን እንደሆኑ የገባኝ ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ማስተማራቸውን ትተው ሲያለቅሱ ባየሁ ጊዜ ነው። በሳምንቱ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል ይዋጣ ተባለ። አያቴ ጣሳውን ሞላችና ትንሽ ቆይታ ሌላ ጨመረች። ለምን ቢሏት፣ «የመጀመሪያው የታዘዝኩት ነው» አለች። የቤተክርስቲያኑ ጓሮ የገብስ መቁያ ሆነ። እናቶች በየምጣዱ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያምሱ፣ በሶው ሲፈጭ፣ ድርቆሹ በጆንያ ሲታሰር ውለው ያመሻሉ። የተቆላ ገብስ ሽታ ሰፈሩን ለቀናት አልለቀቀውም። ከሰማይ ደግሞ የእንግሊዞቹ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች እህል ጭነው ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ እኛ ጣራ ላይ ወጥተን እጃችንን እናውለበልባለን። ያን እህል ማን እንደላከው ጠይቀን አናውቅም። መንግሥት የሚባል ትልቅ ሰው ያለ ይመስለን ነበር፣ ባሕር ማዶ።

በዚያው ዘመን አካባቢ፣ ድርቁ ገና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎን ሲያንዣብብበት፣ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ስለነበሩት ስለ አበበች ጎበና ታሪክ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለመንገድ የያዙት ዳቦና ጸበል ነበር። መንገድ ዳር የወደቁትን ሲያዩ ያንኑ አከፋፈሉት፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያም በሺህ ለሚቆጠሩ ልጆች እናት ሆኑ። ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ዳቦ ነው። ያ ሁሉ ትልቅ ድርጅታቸው የተጀመረው እጅ ላይ ከነበረ ቁራሽ ነው። አያቴ ብትሰማ፣ «ታዲያ ምን ሊያደርጉት ኖሯል?» የምትል ይመስለኛል።

ዕድሜ ሄደና እኔም ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ተሻገርኩ። በዚያን ጊዜ እኛ ምእመናኑ የራሳችን ሕንፃ አልነበረንም፤ አንድ የአሜሪካኖች ቤተክርስቲያን ምድር ቤቱን ሰጥቶን ነበር። ገና ስትገባ የወለል ሰምና የቀጠነ ቡና ይሸትሃል። መጋረጃ እንሰቅላለን፤ ምንጣፍ እናነጥፋለን፤ ሲያልቅ ሁሉንም ጠቅልለን መኪና ውስጥ እንከታለን። የመጀመሪያው እሑድ ካህኑ ማዕጠንቱን ገና ወዝወዝ ሲያደርጉ ጢስ የሚጠብቀው ደወል አበደ። ሕፃናቱ አለቀሱ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ እኛም በነጠላችን ብርድ ላይ ቆምን። «በቃ፣ አስወጡን» አልን በልባችን።

ከላይ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊት ወረዱ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱና በእጃቸው «ቀጥሉ» አሉን። በሚቀጥለው እሑድ የብርድ ኮት በሣጥን ሞልተው ጠበቁን፤ የኔ እጅጌው እስከ ጉልበቴ ይደርስ ነበር። ቡና ስንጠጣ አጠገቤ ተቀመጡ። ከየት እንደሆንን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስል ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ያኔ እኛ እዚህ ለናንተ ሰብስበን ነበር» አሉ። ረሃቡን በቴሌቪዥን ካዩ በኋላ ምእመናኑ በሳምንት አንድ ቀን ምሳ እየተዉ ገንዘቡን በሣጥን ያጠራቅሙ እንደነበር፣ እሳቸው ሣጥኑን ይዘው ይዞሩ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ደርሶላችሁ ነበር?» አሉኝ።

ምን ልበል? እኔ አዲስ አበባ የዳቦ ጠርዝ እየቆረጠምኩ ነበር ያደግሁት። ጣራ ላይ ሆኜ እጄን ያውለበለብኩላቸው አውሮፕላኖች ትዝ አሉኝ። የላኪውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ መንግሥት አልነበረም፤ ምሳቸውን የተዉ ሴትዮ ነበሩ። «ደርሷል» አልኳቸው። ይህን ያህል ዓመት ሙሉ ያን አንድ ቃል ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ዐይናቸው ሞላ። እኔ ግን ያልበላሁትን እንደበላሁ ሆኜ የመለስኩት መልስ ሲከነክነኝ ኖረ።

ዛሬ የራሳችን ሕንፃ አለን። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላልና ቃሪያ ያለበት ሳንድዊች እየጠቀለሉ መንገድ ላይ ለሚያድሩት ይወስዳሉ። በዓል ሲሆን ጃንጥላና ሥዕል ለጨረታ ይቀርባል፤ አጫራቹ «ማን ይጨምራል!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። ገንዘቡ ወሎ ደጋ ላይ ላለች አንዲት ደብር ለቆርቆሮና ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ይላካል። በስልክ ነው፣ በሁለት ጣት። ይቀላል፤ ይበዛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አንዳንዴ ስልኬን ኪሴ ስከት ዋርካው ሥር ያሉት አባት ትዝ ይሉኛል። ስልክ ኮቴ የለውም። እግሬን ቢያመኝ ማን ያውቅልኛል? ማንስ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይለኛል?

አምና ከዚያች ደብር ዘመዱን ጠይቆ የተመለሰ ሰው አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዞ መጣ። «ላኩላችሁ» አለ። ፈታነው። ቆሎ! ገብስ ከሽንብራ ጋር የተደባለቀ፣ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት። ሽታው አዳራሹን ሲሞላው የ77ቱ የሚካኤል ጓሮ ከነምጣዱ፣ ከነእናቶቹ ፊቴ መጣ። ከዚያ ወሎ! ያኔ የተራበ ልጅ የነበረ ሰው የማይታጣበት አገር፣ ለኛ ቆልቶ ላከልን። ሰውየው እንደነገረን እናቶቹ ከየቤታቸው እፍኝ እፍኝ አዋጥተው ነው። ካህኑ ባረኩት፤ ለአንድ ሰው አንድ ቁንጥር ደረሰው። ልጄ ቁንጥሯን አይታ፣ «ይህቺ ብቻ?» አለችኝ። ጆሮዋን ቆንጠጥ ሳላደርግ ቀረሁ እንጂ እጄ ሊዘረጋ ነበር።

የኔን ድርሻ አልበላሁም። በወረቀት ስኒ አድርጌ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄድኩ። ዘጠና ሊደፍኑ ነው፤ መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። «እኔ በልቼው አላውቅም ነበር» ብዬም ያን የቆየ መልሴን አረምኩላቸው። «የደረሳቸው እነዚህ ናቸው።»

አንዲት የገብስ ፍሬ መርጠው ምላሳቸው ላይ አኖሩ። ጥርሳቸው አልቻለውም፤ እንደ ከረሜላ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዟዟሩ ብዙ ቆዩ። የቀረውን በብርጭቆ አድርገው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«እንደደረሰኝ ንገርልኝ» አሉ።