የእማማ እሹሩሩ የጋን መብራት እንዳይሆን

ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የምንጠይቀው ብዙ ነው። ዶርሙ ይበርዳል ወይ? ካፌው ምን ያበላል? የኪስ ገንዘብ ስንት ይበቃል? ስለ ላይብረሪው የሚጠይቅ ወላጅ ግን አላጋጠመኝም። ለብዙዎቻችን ላይብረሪ ማለት መጽሐፍ የሚዋሱበት፣ ፈተና ሲደርስ ወንበር የሚሻሙበት ቤት ነው። ሥራው ከዚያ እጅግ የሰፋ መሆኑን በቅርብ ያየሁት የመጨረሻዋ ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ ነው።

ያጠናችው ፎክሎር ሲሆን ርዕሷ የእሹሩሩ ግጥም ነበር። መንዝ ድረስ ሄዳ አያቷን፣ ማለትም እናቴን፣ ጨምሮ 11 እናቶችን በስልኳ ቀዳች። እናቴ በመጀመሪያ፣ “ሕፃን በሌለበት ምን ብዬ ልበል?” ብላ አስቸግራ ነበር። ኋላ ትራስ አቀፈችና ጀመረች። እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ግጥም ከአፏ ወጣ።

ልጄ ያን ሁሉ ድምፅ በአንድ ስልክ ይዛ ስትዞር፣ “ስልኩ ቢጠፋስ?” ብላ የጠየቀቻት የዩኒቨርሲቲው የላይብረሪ ባለሙያ ናት። ቅጂው ሦስት ቦታ እንዲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ቅጂ የተቀዳበት ቀንና ቦታ እንዲጻፍበት፣ የተናጋሪዋ መለያም እንዲኖረው አደረገች። ግጥሙ በኮምፒዩተር ሲጻፍም አንድ ቃል ብቻ በመጻፍ የትኛዋ እናት እንዳለችው መፈለግ እንዲቻል አሳየቻት። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ፊደሉን ኮምፒዩተሩ ማንበብ ካልቻለ ፈላጊው አያገኘውም። ዲጂታል ምርምር የሚሉት እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። ምሁሩ ያስባል፤ ላይብረሪው ደግሞ የታሰበው እንዳይጠፋና እንዲገኝ ያደርጋል።

ሁለተኛው ፈተና ገንዘብ ነበር። ልጄ ስለ ሌሎች አገሮች እሹሩሩ የተጻፉ ጥናቶችን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ አርዕስቱን ታገኛለች፤ ስትከፍተው ግን ለአንዲት ጽሑፍ ከ30 እስከ 40 ዶላር ትጠየቃለች። “ታዲያ ገንዘቡ ለጸሐፊው ነው?” አልኳት። አይደለም። ብዙ ጊዜ ምሁሩ ጽሑፉን ለመጽሔቱ የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው፤ ጽሑፉን የሚገመግሙት ምሁራንም እንዲሁ። ገንዘቡን የሚሰበስበው አሳታሚው ነው። ይህን ለመለወጥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ቡዳፔስት ላይ የክፍት ተደራሽነት፣ ማለትም የኦፕን አክሰስ፣ ጥሪ ታወጀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የምርምር ውጤት ኢንተርኔት ለሚያገኝ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ይነበብ ነው። የላይብረሪዋ ባለሙያም ይህንኑ መንገድ ተከትላ፣ ጸሐፊዎቹ በየዩኒቨርሲቲያቸው ማከማቻ በነጻ ያስቀመጧቸውን ቅጂዎች አገኘችላት። ሁሉንም ባይሆን፣ የሚበቃትን ያህል።

ቤታችን ውስጥ ክርክር የተነሣው የልጄ ተራ ሲደርስ ነው። ጽሑፏን አጠናቃ ስታስረክብ ከላይብረሪው አንድ ቅጽ ተሰጣት። ጽሑፉ አሁኑኑ ለሁሉም ይከፈት? ወይስ ለጊዜው ተዘግቶ ይቆይ? ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። “የሁለት ዓመት ላቧን በነጻ ልትበትነው ነው? ነገ አንዱ ገልብጦ በስሙ መጽሐፍ ያወጣዋል። ደግሞስ የእናታችን ስም ለዓለም ሁሉ መታየት አለበት?”

ስጋቱ ተራ ስጋት አልነበረም። ልጄ ሁለቱንም ጥያቄ ይዛ ወደ ላይብረሪው ተመለሰች። ስለ ስርቆቱ ያገኘችው መልስ ይህ ነው። ጽሑፉ ቢከፈትም የቅጂ መብቱ የእሷ ነው። በምን ሁኔታ እንደሚጠቀሙበት የሚገልጽ ፈቃድ አብሮት ይቀመጣል፤ የተጠቀመበት ሰው ስሟን መጥቀስ አለበት። ቀኑና ስሟ ተመዝግቦ፣ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ ተሰጥቶት በአደባባይ የተቀመጠ ጽሑፍ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብሰው ይልቅ የቀዳው ሰው በቀላሉ ይታወቅበታል፤ ማንም ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ይችላልና። በመጽሐፍ መልክ ለማሳተም ካሰበች ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ማዘግየት መብቷ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ባለሙያዋ ራሷ ወደ ልጄ መለሰችው። “ስማቸውን የሰጡሽ እናቶች ጽሑፉ በዓለም ፊት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ?” በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች መጨረሻ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ልጄ እንደገና መንዝ ሄዳ አንድ በአንድ ጠየቀች። አንዲት እናት እሹሩሩውን ስትል የሞተባት ልጅ ትዝ ብሏት አልቅሳ ነበርና ስሟ እንዲወጣ አልፈለገችም። በምልክት ተተካ። ሌሎቹ ፈቀዱ።

እናቴ ዝርዝሩ ሲነበብላት መጀመሪያ ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። “ሰማንያ አንድ ብሎ የጻፈው ማነው? ዕድሜዬን ማን ጠየቃችሁ?” ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ፣ “እማዬ፣ በነጻ እኮ ነው የሚሰጡት” ሲላት ግን ቀና ብላ አየችው። “እኔስ ከእናቴ ስቀበለው ከፍዬ ነው?” አለችው። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ጽሑፉ ተከፈተ።

እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከአርባዋ በኋላ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ደወለች። የልጅ ልጅ አግኝታለች። የእናታችንን እሹሩሩ ልትልለት ትጀምርና መሐሉ ይጠፋባታል፤ ዜማው ጆሮዋ ውስጥ አለ፣ ግጥሙን ግን ረስታዋለች። ልጄ አድራሻውን ላከችላት። እህቴ ስልኳ ላይ ከፍታ፣ የእናታችንን ገጽ አግኝታ፣ እያነበበች ለሕፃኑ አለችለት። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አልተጠየቀችም፤ ዶላርም አልከፈለች። ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ቢቀር ኖሮ እህቴ ለዚያች ገጽ አውሮፕላን መሳፈር ነበረባት።

እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን ቅርስ ላይ ሲሠራ የመጀመሪያው አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር። ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚገኘው የብራና መጻሕፍት ቤት ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለአሥርት ዓመታት ይዘታቸውን እያነበቡ ዘርዝረዋል። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹን በነጻ ተመዝግቦ በኢንተርኔት መመልከት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች በዲጂታል ማከማቻው ለሕዝብ ከፍቷል፤ በአማርኛ የተጻፉም አሉበት። በፈረንጆች 2019 ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶችና የመመረቂያ ጽሑፎች ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው፤ መረጃውም አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ኑሮ፣ የእኛው በሽታ፣ የእኛው ማሳ ነው። የሠራነውን ማንበብ ደግሞ ይገባናል።

ስለዚህ ልጃችሁ ለመመረቅ ሲደርስ ከሱፉና ከፎቶው ጎን ይህንንም ጠይቁት። ጽሑፍህ የት ይቀመጣል? ማን ማንበብ ይችላል? ቅጹን ሳታነብ እንዳትፈርም በሉት።

ራሳችሁም ፈልጉ። ስለ ልጅ አስተዳደግም ሆነ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ትውልድ ቀያችሁም ቢሆን፣ ርዕሱን ከዩኒቨርሲቲው ስም ጋር ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ካቃታችሁ የልጅ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። ክፈሉ የሚል ገጽ ከገጠማችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ፤ ያው ጽሑፍ በጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ በነጻ ሊኖር ይችላል።

አንድ ተማሪ ደጃችሁ መጥቶ ስለ ጥንቱ ንገሩኝ፣ ድምፃችሁን ልቅዳ ሲላችሁም አትመልሱት። ግን ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁት። ይህ ነገር መጨረሻው የት ይቀመጣል? ስሜስ ይወጣል ወይስ ይቀራል? በቅጡ የሚመልስላችሁ ከሆነ በሙሉ ልብ ንገሩት። አንድ ቀን የራሳችሁ የልጅ ልጅ፣ ከየትም አገር ሆኖ፣ ሊፈልገው ይችላል።