በአጎቴ መሳቢያ ውስጥ ያለችው ጥቁር ነጥብ

አንባቢ ሆይ፤ መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም ይባላል። የአጎቴ ሱቅ ግን ከብርድ ልብስና ከአንሶላ በቀር ሌላ ንግድ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ዓምና ከደላንታ የመጣ ዘመዳችን ለቀረበት ዕዳ መያዣ ይሁን ብሎ አንዲት የኦፓል ድንጋይ በሰጣቸው ጊዜ፥ አጎቴ በጥጥ ጠቅልለው በመሳቢያ ከመቈለፍ የተሻለ ብልኃት አላገኙም።

ይህ ዐይነቱ ኦፓል በወሎ፥ በወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ስሙ በዓለም ገበያ ተሰምቷል። ድንጋዩ ሲሊካና ውሃ ሲሆን፥ የሚገኘውም 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ነው። የእኛይቱ የባቄላ ፍሬ ታህላለች፤ ስትገላበጥ አረንጓዴና ቀይ እሳት ትተፋለች፤ በሆዷ ግን ጥቁር ነጥብ አለባት። አንድ የዕንቍ ነጋዴ አያትና «ይህ በጭስ የተጠቈረ ነው፤ ተታላችኋል» ብሎ ዋጋዋን ከግማሽ በታች አወረደው። አጎቴ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ያሳዘናቸው ገንዘቡ አልነበረም፤ ዘመዳቸው ዋሽቶኛል ብለው ነው።

እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝና ነገሩን በትምህርት ልፈታው ተነሣሁ። አስቀድሜ ድንጋይቱን ለማጥራት በውሃ ነከርኋት። ወዲያው እንደ መስታወት ጠራችና እሳቷ ጠፋ! አጎቴ «አንተ ልጅ፥ ምን አደረግኸኝ?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ስትደርቅ እሳቷ እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወገል ጤና ኦፓል በረቂቅ ቀዳዳዎቹ ውሃ እንደሚጠጣ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ቀጥሎ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ሲዲ ገዛሁ፤ ካርቶን በምላጭ ሰንጥቄም ብርሃን የሚተነትን መሣሪያ ሠራሁ። ወደ ሱቁ የኒዮን መብራት ባነጣጥረው፥ በውስጡ ያለው የሜርኩሪ ተን ሐምራዊና አረንጓዴ መሥመሮቹን ለይቶ አሳየኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስለ ጥቁሯ ነጥብ ግን አንዳች አልነገረኝም።

የፊዚክስ መምህራችን ሲሰሙ ሣቁና፥ ለዚህ የሚበጀው ሕንዳዊው ራማን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1928 የደረሰበት ዘዴ መሆኑን አስረዱኝ። የሌዘር ጨረር በማይክሮስኮፕ አማካይነት በነጥቧ ላይ ይሰበሰባል፤ ድንጋይዋ አትሰበርም። ከተበተነው ብርሃን አብዛኛው እንደ ነበረ ሲመለስ፥ ከሚሊዮን አንድ እንኳ የማይሞላው ግን ከማዕድኑ ንዝረት የተነሣ ቀለሙን ለውጦ ይወጣል። ለውጡም እንደ ጣት አሻራ ማዕድኑን ያስታውቃል። በዚህና በሌሎች መሣሪያዎች የወገል ጤናን ኦፓል የመረመሩ ሊቃውንት በውስጡ ባሪየም ያለበት የማንጋኔዝ ኦክሳይድ፥ ካርቦንና ፒራይት አግኝተዋል፤ ሁሉም የተፈጥሮ ናቸው። ጭስ ደግሞ ከውጭ ገብቶ ገጽን ያጠቍራል፤ የእኛይቱ ገጿ ንጹሕ ነው፥ ነጥቧም ከሆዷ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኋቸው።

«እንግዲያስ አልዋሸም በለኛ!» አሉ።

«ያለ መሣሪያው አይማልበትም ጋሼ፤ ዋሽቷል የሚያሰኝ ነገር ግን የለም።»

«ዋጋዋስ?»

«ዋጋዋ አይጨምርም።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ወደ ደላንታ ደወሉ። ስለ ዝናሙና ስለ ገብሱ ብዙ ጠየቁት፤ ስለ ድንጋይቱ አንድ ቃል አላነሡም።