ከስንቱ?

የምረቃ ዕለት መድረክ መሪው "በዘንድሮው ዓመት በመጀመሪያ ዲግሪ ይህን ያህል፣ በሁለተኛ ዲግሪ ይህን ያህል፣ ከእነዚህም ውስጥ ሴቶች ይህን ያህል" ሲል አዳራሹ በእልልታ ይናጣል። እኔም አጨበጭባለሁ፤ የሰው ደስታ አይጠላም። ግን አንድ የድሮ አመል አለቀቀኝም። ከስንቱ? እላለሁ በሆዴ። ከአራት ዓመት በፊት በዚያው በር ሻንጣውን እየጎተተ የገባው ስንት ነበር? የምረቃ መጽሔቱን ባገላብጠው ያችን ቁጥር አላገኛትም። የፕሬዚዳንቱ መልእክት አለ። ሜዳሊያ ያጠለቁት ፎቶ አለ። የተመራቂዎቹ የመሰናበቻ ቃልም አለ፤ አንዳንዱ ለእናቱ፣ አንዳንዱ ለፈጣሪው፣ አንዳንዱ ለማን እንደሆነ ለራሱም ያልገባው። በመካከል የቀረው ልጅ ግን የትም ገጽ ላይ የለም።

በእኛ ጊዜ ይህን ቁጥር ሬጅስትራሩ ባይነግረንም እኛው እንቆጥረው ነበር። አልጋ ነዋ የሚቆጠረው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1982 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ። ማትሪክ አልፎ ግቢ የገባ ልጅ ለሰፈሩ ብርቅ ነው፤ ሲሸኝ በግ ይታረድለታል፣ ቄሱ ይመርቁታል፣ ጎረቤት ዳቦ ቆሎ ይቋጥርለታል። ግቢ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ምርቃት የሚያገለግለው እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ድረስ ብቻ መሆኑን ነባር ተማሪዎች በደስታ ያበስሩታል። ፍሬሽማንን ማስፈራራት ከመዝናኛቸው አንዱ ነበር። ከመዝናኛም በላይ ግን እውነት ነበረበት። ዋርኒንግ አለ፣ ዲስሚሳል አለ፤ ሁለቱን የሚለያቸው ከነጥብ ወዲህ ያለች ስባሪ ቁጥር ናት።

ውጤት የሚለጠፈው ኖቲስ ቦርድ ላይ ነው፤ ስም የለውም፣ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ። ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ወደ ማታ በመሆኑ ክብሪት እየጫርን፣ እየተጋፋን፣ ጣታችንን በወረቀቱ ላይ እያስኬድን እንፈልጋለን። ልቡ የፈራ ራሱ አይሄድም፤ ጓደኛውን ይልካል። የተላከው ልጅ ሲመለስ አካሄዱን አይቶ ውጤቱን ማወቅ ይቻላል። ቀስ ብሎ ከመጣ አልቋል ማለት ነው።

ከእኔ በላይ ባለው ተደራራቢ አልጋ የሚተኛው የወሎ ልጅ የተባረረው በዚያው በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ከሁሉም በላይ ትዝ የሚለኝ ክሊራንሱን ያዞረበት ቀን ነው። ወረቀቷን ይዞ ላይብረሪ ያስፈርማል፣ ምግብ ቤት ያስፈርማል፣ ስፖርት ዕቃ ክፍል ያስፈርማል፤ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ኳስ አለመውሰዱን ማስመስከር ነበረበት። መጨረሻ ላይ ፍራሹን ጠቅልሎ በትከሻው፣ ብርድ ልብሱን በክንዱ አድርጎ አብረን ወደ ዕቃ ቤት ወረድን። ኃላፊው ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ቢያነሣው፣ መሐሉ ላይ የሳንቲም ያህል የተቃጠለ ቀዳዳ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለው። ልጁ ዝም አለ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሻማ አብርቶ ሲቸክል ያቃጠለው ነው። ሲያጠና ያቃጠለውን ከፍሎ መውጣት ነበረበትና ከየኪሳችን አዋጣንለት።

ከጣሉት ኮርሶች አንዱ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነበር። የሳይንስ ተማሪም ብትሆን ከማርክስና ከሌኒን ማምለጥ አይቻልም ነበር። ልጁ ከተሰናበተ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገሪቱ ከዚህ በኋላ የምትመራው በቅይጥ ኢኮኖሚ መሆኑን አወጁ። ያ ሁሉ ስንሸመድደው የከረምነው ነገር በአንድ ንግግር ተጣለ። የልጁ ኤፍ ግን አልተጣለም።

አሁን ያሉ ልጆች መባረር ሲባል ሻንጣ ይዞ ቤት መመለስ ይመስላቸዋል። ያኔ ሌላ ነገርም ነበረበት። የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው፤ የጎረምሳ አፈሳ ነበር። የተማሪ መታወቂያ ከኪሱ ያለ ልጅ ኬላ ላይ ቢያዝም የሚያሳየው ነገር አለው። ክሊራንስ ስትጨርስ የምታስረክበው የመጨረሻ ዕቃ ያችኑ መታወቂያ ነበር። በሰሜን በኩል ጦርነቱ በጋለበት ሰሞን እንዲህ ራቁቱን ወደ ወሎ የሚጓዝ ልጅ አስቡት። "ጥራት" የምንለው፣ ዛሬ ስናነሣው የምንኮራበት ማጣሪያ፣ ሌላኛው ጫፉ እዚያ ነበር። የድሮ ትምህርት ድሮ ቀረ የሚሉ እኩዮቼን በሰማሁ ቁጥር ይህን ልነግራቸው ያምረኛል፤ እነሱ ግን እንደኔው ያለፉት ናቸው፤ ያላለፉት ለትዝታው ስብሰባ አይጠሩም።

ያለፍነውም ቢሆን አላለፍንም። በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና "እናት አገር ትጣራለች" ተብሎ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ገባን። ካልኩለስ የሚቸክለው ሁሉ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ተማረ። ግንቦት ላይ መንግሥት ሲወድቅ ከካምፑ የተበተነው ተማሪ ብዙው በእግሩ ወደ ሞያሌ አቀና፤ ኬንያ የገባው ብዙ ነው። ከዚያ የተመለሰ ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ያልተመለሰው በስደተኛ ካምፕ በኩል ዓለምን ዞረ። ዛሬ ሚኔሶታ ወይም ሜልበርን የሚኖር፣ ዲግሪው በሁለተኛ ዓመት ላይ የቆመ ሰው ብታገኙ ሰነፍ ነበር ብላችሁ አትፍረዱ። በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ ይመዝገብ? አልተባረረም፣ አላቋረጠም፣ አልተመረቀም።

ከዓመታት በኋላ ጠመኔው ወደ እኔ ዞረ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በየክልሉ ከተከፈቱት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ማስተማር ጀመርኩ። ያኔ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀርቶ ወደ መሰናዶ ወርዶ ነበር፤ ዲግሪውም ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። ቃሉም ተለውጧል፤ መባረር አይባልም፣ "የትምህርት ብክነት" ነው የሚባለው። ብክነት ደግሞ የሚቀነስ ነገር ነው፤ ዕቅድ ይወጣለታል፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይቀርብበታል። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባለ፣ ቱቶሪያል ተሰጠ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ ቱቶሪያሉ ሠርቷል። ከገጠር የመጣች፣ እንግሊዝኛው አፏ ላይ የተሳሰረባት፣ በእኔ ዘመን ቢሆን በስድስተኛው ወር ብርድ ልብስ የምታስረክብ ልጅ፣ ሁለት ሴሚስተር ታግዛ ከክፍሉ ቀዳሚ ስትሆን አይቻለሁ። ያን ማየት ለአስተማሪ ደመወዝ ነው።

ችግሩ ሪፖርቱ ከቱቶሪያሉ መፍጠኑ ነው። ውጤት ያስገባ መምህር ይጠራል። "አምስት ኤፍ? ሪፖርት ላይ እንዴት ነው የምናስገባው?" ይባላል፤ በትሕትና ነው የሚባለው፣ ሻይ እየተጋበዘ። ድጋሚ ፈተና ይሰጣል፣ አሳይመንት ይጨመራል፣ ከዚያ ነጥብ እንደ ስኳር በማንኪያ ይበተናል። የብክነቱ መቶኛ ወረደ። ልጆቹ አልወደቁም፤ መውደቂያቸው ነው የዘገየው።

አንድ ቀን አብሮኝ የሚውል የሬጅስትራር ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ያችኑ የፈረደባትን ቁጥር ጠየቅሁት። በአንድ ዓመት ከገቡት ውስጥ፣ እነዚያኑ ልጆች ስም በስም ተከትለህ፣ በጊዜያቸው የተመረቁት ስንት ናቸው? ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። "ስንት እንደገቡ አለኝ፤ ስንት እንደወጡም አለኝ" አለኝ። "ሁለቱ ግን የተለያየ ፋይል ላይ ናቸው።" ዊዝድሮ የሞላ አለ፣ ሪአድሚሽን የገባ አለ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ አለ፣ በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ግጭት ሲነሣ ሻንጣውን ይዞ የወጣና ይመለስ አይመለስ ያልታወቀ አለ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ። ሰውዬው አልዋሸኝም። እንዲያገናኛቸው የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ የማጣሪያው በር ቦታውን ቀየረ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ፣ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ከቀሩት ለተወሰኑት ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፈተ። እኔን ብትጠይቁኝ ሪሚዲያል ያው የእኛው የመጀመሪያ ሴሚስተር ነው፤ ግቢ ገብቶ፣ ካፌ በልቶ፣ ዶርም አድሮ፣ ከወራት በኋላ መሸኘት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው በር በመጨረሻው በኩል ተተከለ፤ የመውጫ ፈተና። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ግድም። ለካ ስኳሩ ስንት እንደነበር የሚመዘንበት ቀን ኖሯል።

ፈተናውን አልቃወምም። የሚቆረቁረኝ ሰዓቱ ነው። የወሎው ልጅ ነገሩን የሰማው በስድስት ወሩ ነው፤ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። የእህቴ ልጅ የሰማችው የወጪ መጋራት ውሏን ፈርማ፣ አራት ዓመት ተምራ፣ ሁሉንም ኮርስ አልፋ፣ ጂሲ (ተመራቂ ክፍል) ተብላ፣ ቲሸርቷ ላይ ተፈራርመውባት ካበቃ በኋላ ነው። በጋዎን የተነሣችውን ፎቶ አባቷ ፈተናው ሳይደርስ አስቀድሞ ትልቅ አድርጎ አሳጥቦ ሳሎን ሰቅሎታል። ሃምሳ አልሞላላትም። ፎቶው ይውረድ አይውረድ በሚለው ላይ ቤተሰቡ ሁለት ጎራ ተከፍሎ ነበር፤ እስካሁን እንደተሰቀለ ነው።

ድጋሚ መፈተን ይቻላል፣ ትፈተናለችም። እስከዚያው ግን ሥራ ፈትታ አትቀመጥምና ባለፈው ሰሞን አንድ ሆቴል የእንግዳ ተቀባይ ቅጥር አውጥቶ ቅጽ ልትሞላ ይዣት ሄድኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እያለች ወርዳ "የትምህርት ደረጃ" የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ዲግሪ ብል ውሸት ነው። አስራ ሁለት ብል አራት ዓመቴን ልብላው?"

እኔም ጨነቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ የኖርኩ ሰው መልስ አጣሁላት። ትንሽ አሰበችና "12+4" ብላ ጻፈች። ቅጹን የተቀበለችው ልጅ አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አይታ፣

"ይሄኛው ሌቭል ስንት ነው እህቴ?" አለቻት።