ባዶ የመጣው ምሳ ዕቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ የልጃችሁ ምሳ ዕቃ ከትምህርት ቤት ባዶውን ሲመለስ ምን ይሰማችኋል? እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ወሎ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ ታላቂቱን ልጄን ተቀብዬ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳወርድ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ምሳ ዕቃውን አንሥቼ ክብደቱን እገምት ነበር። ቀልሎ ሳገኘው «ተመስገን፤ ዛሬም በላችልኝ» እላለሁ። የጥቅምትን ወር በሙሉ እንዲህ እያመሰገንሁ አለፍሁ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ማታ ቦርሳዋን ላጥብ ብዬ ገለበጥሁት። ከደብተሮቹ ሥር በፌስታል የተቋጠረ ነገር ወደቀ። ስፈታው የሻገተ እንጀራና የደረቀ ሽሮ ነው፤ የአንድ ቀን ብቻም አልነበረም።

ጮኽሁባት። «እንጀራ ይጣላል? ስንቱ የሚቀምሰው አጥቶ እያደረ!» አልኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንገቷን ደፍታ ቆየችና «እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚህ ቃል በኋላ የምናገረው አጣሁ። ምግብ አበላታለሁ ስል ለካ መዋሸት እያስተማርኋት ኖሯል። እኔ ባዶ ምሳ ዕቃ ወደድሁ፤ እርሷም የምወድደውን አመጣችልኝ።

በሳምንቱ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን ሲመጡ ነገሩን ነገርኋቸው። አሳቤ ልጅቷን እንዲገሥጹልኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጥያቄውን ወደ እኔ መለሱት። «ለምን እንደማትበላው ጠይቀሻታል?» አሉኝ። አልጠየቅኋትም። «ለታናሹስ ምን ትቋጥሪለታለሽ?» አሉኝ። ታናሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ ለእኔ እንዲቀልለኝ በጾም ቀን ለሁለቱም ያንኑ እቋጥር ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጾምን እንዲለምዱ ታስተምራለች፤ ሕፃኑን ወተቱንና እንቁላሉን አትንፈጊው። ታላቂቱንም ጾሙን በቁጣ አታስለምጃት፤ በእናት ቁጣ የተያዘ ጾም እናት ዘወር ስትል ይገደፋል።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኋት። ለመጀመሪያ ጊዜም እስክትጨርስ ሰማኋት። «ሽሮ አልጠላም፤ እቤት እወድደዋለሁ» አለችኝ። «እዚያ ግን ይቀዘቅዝና ይረጋል፤ እንጀራው ይበሰብሳል። አንድ ቀን ደብተሬ ላይ ፈስሶ ልጆቹ ቦርሳሽ ወጥ ወጥ ይሸታል ብለው ሳቁብኝ።»

ወላጆች ሆይ፣ «ልጄ ምግብ ትመርጣለች» ብለን ስንፈርድ ስንት ጊዜ ተሳስተን ይሆን? ልጄ የሸሸችው ሽሮውን ሳይሆን ኀፍረቱን ነበር። እቤት ጸሎት ተደርሶ፣ ከአንድ ማዕድ ተከብቦ፣ ጉርሻ እየተሰጣጡ ይበላል። ትምህርት ቤት ግን ክዳኑን ከፍታ ለብቻዋ፣ ያውም በሌሎች ዐይን ፊት ትበላለች። አንዲት ጎረቤቴም ይህንኑ አጸናችልኝ። ልጇ የሚማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። እቤት ምስር የማይነካው ልጅ እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ጠርጎ ይበላል አለችኝ። የሁሉም ሳሕን አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም በማንም አይስቅምና።

ነቢዩ ዳንኤልን አስቡት። የንጉሡን መብል እንቢ ብሎ ጥራጥሬና ውኃ የመረጠው ገና በወጣትነቱ ነው (ዳን. 1)። ማንም አላስገደደውም፤ በልቡ ወስኖ መረጠ። አሳላፊውንም አልተጣላውም፤ በትሕትና የዐሥር ቀን ፈተና ለመነው እንጂ። የዛሬ የምግብ ዐዋቂዎችም አንድ ልጅ አዲስ ምግብን እስኪቀበል ዐሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል ይናገራሉ። እኔ ግን ጎመንን ሁለት ጊዜ አቅርቤ ስትተወው «አትወድም» ብዬ መዝገቡን ዘግቼ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ምሳውን ማታ አብረን እናስባለን። የሚፈስስ ወጥ አልቋጥርም። ምስሩን ወፈር አድርጌ በእንጀራ እጠቀልለውና በልክ በልኩ እቆርጠዋለሁ። ድንቹና ካሮቱ በሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ጎመኑም ከጎኑ አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ያለ ግዳጅ። ለዕረፍት ሰዓት በቺፕሱና በብስኩቱ ፈንታ የሽምብራ ቆሎ ወይም የበሶ ጭብጦ ትይዛለች። ብርቱካን አይለይም፤ በምስርና በሽምብራ ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዲወስደው በብርቱካንና በቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ይረዳልና። ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጣ ይህንኑ ብረት ስለሚያስቀር በኮዳዋ የምትይዘው ውኃ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው የሚገኘው በእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ በፍስክ ቀን ለእርሷም እንቁላሉንና ወተቱን አላጓድልም፤ ታናሹም የራሱን ምሳ አግኝቷል።

ከሁሉ የሠመረልን ግን የሽምብራ ዓሣ ነው። እናቴ በዐቢይ ጾም ትሠራልን የነበረውን አስታውሼ የሽምብራውን ዱቄት አቦካሁ፤ ቅርጹን የምታወጣው ልጄ ናት። ከጠበስነው በኋላ ወጥ ውስጥ ሳንጨምር፣ ሲበርድ እንዲሁ በደረቁ እንቋጥረዋለን። የመጀመሪያው ቀን ዓሣዎቿ ከዓሣ ይልቅ ቅጠል ይመስሉ ነበር። ነገር ግን የገዛ እጇ ሥራ ነውና ሁለቱን ራሷ በልታ አንዱን ለጓደኛዋ አካፍላ መጣች። ያቺ ጓደኛዋ ቀድሞ ከሳቁት አንዷ ነበረች።

በዚያ ምሽት ዓሣውን እየጠበስን የአንዱን ብላቴና ታሪክ ነገርኋት። ጌታችን በምድረ በዳ አምስት ሺሕ ሰዎችን ሲመግብ፣ እንድርያስ ያገኘው ምሳ የአንድ ልጅ ምሳ ነበር፤ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ (ዮሐ. 6፥9)። ወንጌላዊው የብላቴናውን ስም አልጻፈልንም፤ ማን እንደ ቋጠረለትም አልነገረንም። እኔ ግን ያን ሌሊት ያቺን እናት አሰብኋት። የገብስ እንጀራ የድኻ ምግብ ነው። ብላቴናው በገብሱ አፍሮ ቢደብቀው ኖሮ ለጌታ እጅ የሚቀርብ ምን ይገኝ ነበር? ሁሉ ከጠገቡም በኋላ ጌታ ቁርስራሹ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ልጄ ይህን ስትሰማ ዝም አለች፤ ከዚያም «እኔ እኮ ያንን በፌስታል ያደረግሁት ቆሻሻ ውስጥ መጣል ፈርቼ ነው» አለችኝ። እንጀራ እንደማይጣል አስቀድማ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ጩኸቴ ያስተማራት አንዳች አዲስ ነገር አልነበረም።

የተወደዳችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ተቃንቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ጎመኑ አሁንም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሄደ ይመለሳል። ነገር ግን በፌስታል ተደብቆ ሳይሆን በምሳ ዕቃው ውስጥ፣ በግልጥ ይመለሳል፤ እኔም የተረፈውን አይቼ «ተመስገን» እላለሁ። እውነቱን ይዛልኝ መጥታለችና።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን «በላህ ወይ? በላሽ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ምሳ ሰዓት እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ሳትቆጡ ስሙ። እናንተም ወጣቶች፣ በጓደኛችሁ ምሳ አትሳቁ፤ ይልቁንም «አብረን እንብላ» በሉት። ማዕዳችንን የባረከ አምላክ የልጆቻችንንም ምሳ ዕቃ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።